ከጉሮሮና ከድድ ተነሥቶ የአንጐልን ደም ሥር ስለሚመርዝ ሕመም

በአንድ ሰፈር አንድ ወጣት በድንገት «ራሴን!» ብሎ ቢወድቅና ቢሞት፣ ወይም ነፍሱ ተርፋ ግማሽ አካሉ ቢሰልል፣ ለመጠየቅ የመጣው ሰው ሁሉ ምክንያቱን የሚፈልገው በዚያችው ቀን ውስጥ ነው። አንዱ «ትናንት ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መትቶት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የሰው ዓይን ነው የበላው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከባልንጀራው ጋር የተጣላበትን ነገር አንሥቶ «ብስጭት ነው የጣለው» ይላል። ሁለት ወር ሙሉ እየመጣ ይመለስ ስለ ነበረው ትኩሳቱ፣ ስለ ተበላሸው ጥርሱ፣ ልጅ ሳለም ጉልበቱን እያመመው እያነከሰ ትምህርት ቤት ይሄድ ስለ ነበረበት ዘመን ግን የሚያነሣ አይገኝም።

እኛ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንገልጠው ያሰብነው ይህንኑ የተረሳውን ነገር ነው። በአንጐል ደም ሥር ላይ የሚደርስ፣ በተሐዋስያን መመረዝ ምክንያት ደም ሥሩን የሚያሳብጥና የሚያፈነዳ አንድ ዐይነት ሕመም አለ። ይህ ሕመም ሲገድል የሚገድለው በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ ሲጀምር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሕፃን ጉሮሮና ባልጸዳ ጥርስ ነው። በጉሮሮና በአንጐል መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አሥርና ሃያ ዓመት ይፈጃል። በዚህም መንገድ ላይ በሽታው የሚያልፍባቸው በሮች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱን መዝጋት የቻለ ሰው ሕይወት ያድናል። የመጀመሪያዎቹን በሮች ለመዝጋት ደግሞ ታላቅ ሆስፒታልም ሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የወላጅና የመምህር ንቃት ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። በድንገት ሰውን ከሚጥሉት የአንጐል ደም መፍሰሶች የሚበዙት ከደም ግፊትና ከሌሎች ምክንያቶች የሚመጡ ናቸው። አሁን የምንናገርለት ሕመም ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ በአንጐል ውስጥ ከሚታዩት የደም ሥር እብጠቶችም ሁሉ ከመቶው ጥቂቱን እጅ ብቻ ይይዛል። ሆኖም ልጆችንና ወጣቶችን ስለማይምር፣ ምንጩም በአገራችን በብዛት የሚገኘው የልብ በሽታ ስለ ሆነ፣ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

የደም ሥር እብጠት ማለት ምን ማለት ነው?

ደም ከልብ ተነሥቶ ወደ አካል ክፍሎች የሚሄድባቸው ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ፤ ወደ ልብ የሚመለስባቸው ደግሞ ደም መልስ ይባላሉ። ወደ አንጐል የሚወጡት ታላላቅ ደም ቅዳዎች አራት ናቸው፤ ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት በቀኝና በግራ፣ ሁለቱ ደግሞ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ለውስጥ ያልፋሉ። የአንጐል ክብደት ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ልብ ከሚረጨው ደም ግን ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያህሉን እርሱ ይወስዳል። ስለዚህ ደሙ ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥበት ወይም ከቧንቧው ውጭ ቢፈስበት ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

የደም ቅዳ ግድግዳ በሦስት ሽፋን የተሠራ ነው። የውስጠኛው ሽፋን ልስልስ ነው፤ የመካከለኛው ከጡንቻና እንደ ላስቲክ ከሚሳብ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ጥንካሬን ይሰጣል፤ የውጭኛው ደግሞ ሁለቱን አቅፎ ይይዛል። ልብ በመታች ቍጥር ደሙ ይህን ግድግዳ ይገፋዋል፤ ግድግዳውም ጤነኛ ሲሆን ይለጠጥና ይመለሳል። ነገር ግን አንዱ ስፍራ ከሳሳ፣ ልክ የብስክሌት ከመነዳሪ የሳሳው ቦታ ላይ እንደሚያብጥ፣ ደም ሥሩም በዚያ ቦታ ያብጣል። ይህን እብጠት ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል። ከመነዳሪው እየተነፋ ሲሄድ በመጨረሻ የሚፈነዳው በዚያው ባበጠው ስፍራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የደም ሥሩም አደጋ ያለው እዚያው ላይ ነው።

የተለመደው የአንጐል ደም ሥር እብጠት ታላላቆቹ ደም ቅዳዎች በሚከፈሉበት በአንጐል ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ የሚበቅል ነው። ከመመረዝ የሚመጣው ግን ጠባዩ የተለየ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ራቅ ብለው በሚገኙት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ነው፤ በጥቂት ቀኖች ወይም ሳምንታት ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ በአንድ ሰው ላይ ሁለትና ሦስት ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ ግድግዳውም የተበላ ስለ ሆነ በቀላሉ ይቀደዳል።

ሕመሙ እንዴት ታወቀ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. ዊልያም ቸርች የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ የ13 ዓመት ልጅ የነበረ የአንድ በሽተኛን ታሪክ ለሐኪሞች ማኅበር አቀረቡ። ልጁ በአንጐሉ ደም ቅዳ ላይ እብጠት ተገኝቶበት ነበር፤ ልቡም የታመመ ነበር። በዚያ ዘመን በአንድ ልጅ ልብና በአንጐሉ ደም ሥር መካከል ግንኙነት አለ ብሎ ማሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለቱን ሕመሞች ያገናኘ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

ከዚያም በ1885 ዓ.ም. ዊልያም ኦስለር የተባሉት ስመ ጥሩ ሐኪም በለንደን በሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በልብ ውስጠኛ ሽፋን መመረዝ ላይ ትምህርት ሰጡ። እርሳቸውም ከልብ በሚወጣው በታላቁ ደም ቅዳ ላይ የበቀሉትን እብጠቶች ሲገልጡ መልካቸው እንደ እንጉዳይ ያለ ስለ ሆነ «ማይኮቲክ» አሏቸው። ቃሉ እንጉዳይንና ሻጋታን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ይህ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በሐኪሞች ዘንድ ቢሠራበትም የሚያሳስት ነው፤ የበሽታው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሐዋስያን እንጂ ሻጋታ አይደለምና። ሻጋታ ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ፣ ይልቁንም የሰውነታቸው የመከላከል ኀይል በደከመ ሰዎች ላይ ነው።

ቸርችና ኦስለር ሕመሙን ቢያውቁትም መድኃኒት አልነበራቸውም። በልብ ውስጠኛ ሽፋን መመረዝ የተያዘ ሰው በዚያ ዘመን መሞቱ የማይቀር ነበር። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን ካገኙና መድኃኒቱም በ1940ዎቹ ዓመታት ለበሽተኞች መሰጠት ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ይህ ሕመም በጊዜው የደረሱበት እንደ ሆነ ይድናል።

በሽታው ከጉሮሮ እስከ አንጐል የሚሄድበት መንገድ

መንገዱን በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

የመጀመሪያው ክፍል ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ ዐይነት፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ አዘውትሮ ያጠቃል። የጉሮሮው ሕመም በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ የሚሻለው ስለ ሆነ ወላጆች ይረሱታል። ነገር ግን ሳይታከም በታለፈበት በአንዳንዱ ልጅ ላይ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መሣሪያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይድናል፤ በልብ ላይ የደረሰው ግን ሊቀር ይችላል። በልብ ክፍሎች መካከል ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቭ የሚባሉ ስሶች በሮች አሉ። እነዚህ በሮች በጠባሳ ይደድራሉ፤ ይጨማደዳሉ፤ በሚገባ መከፈትና መዘጋትም ያቅታቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ የልብ በሽታ የተያዙት ሰዎች በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የሚበዙትም ኑሯቸው ዝቅተኛ በሆነና በተጨናነቀ ቤት ውስጥ በሚኖሩ ሕዝቦች መካከል ይገኛሉ።

ሁለተኛው ክፍል ልብ ነው። በአፋችን ውስጥ ብዙ ዐይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ድድ ሲቈስልና ሲደማ፣ ጥርስ ሲበሰብስና ሲመግል፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ደም ይገባሉ። ከልብ ጤናማ ሰው ውስጥ ብዙ ሳይቈዩ ይጠፋሉ። ጠባሳ ያለበትን ቫልቭ ያገኙ እንደ ሆነ ግን፣ ሸካራ ድንጋይ ላይ እንደሚይዝ አረንጓዴ ነገር፣ እዚያ ይጣበቃሉ፤ ደምም በላያቸው እየረጋ ይሸፍናቸዋል፤ በዚህ መጋረጃ ሥር ተሸሽገው ይራባሉ። ከቈዳ ላይ ከቍስልና ከብጉንጅ የሚነሡ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አሉ፤ እነዚህ ኀይለኞች ስለ ሆኑ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛውን ቫልቭ እንኳ ያጠቃሉ። ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ጉድለት ያለበት፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተደረገላቸው፣ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ የሚወጉ ሰዎችም ለዚሁ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ሦስተኛው ክፍል አንጐል ነው። በቫልቩ ላይ የተከመረው የተመረዘ ነገር ልስልስ ስለ ሆነ፣ ልብ በመታች ቍጥር ከእርሱ ፍርፋሪ ሊቈረስ ይችላል። ፍርፋሪው በደም ጐርፍ ተወስዶ ወደ አንጐል ሲገባ፣ ደም ሥሩ እየጠበበ በሄደበት ወይም በተከፈለበት ስፍራ ይቀረቀራል። በዚያን ጊዜ ሁለት ዐይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው መንገዱ ስለሚዘጋ ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጐል ክፍል ደም ያጣል፤ ይህም ስትሮክ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያዎቹ ወደ ደም ሥሩ ግድግዳ፣ ግድግዳውንም ወደሚመግቡት እጅግ ረቂቅ ሥሮች ገብተው ይመርዙታል፤ የጡንቻውንና የላስቲኩን ሽፋን ይበሉታል፤ ግድግዳውም ያብጣል። ልባቸው በተመረዘ በሽተኞች ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑት ይህ የአንጐል ደም ሥር እብጠት ተገኝቷል፤ ሳይታወቅ የሚቀረውም አለ።

ከልብ የሚነሣው መንገድ ዋናው ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። የማጅራት ገትርና በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአጥንት ዋሻዎች ውስጥ የሚቋጠር መግል፣ ወደ አንጐል ደም ሥር በቀጥታ ሊደርሱ ይችላሉ። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ላይ የወጣን ብጉንጅ በጥፍር ማፍረጥም ስለዚህ ክልክል ሊሆን ይገባዋል፤ የዚያ ስፍራ ደም መልሶች ከራስ ቅል ውስጥ ከሚገኙት ጋር ይገናኛሉና።

ምልክቶቹ

እብጠቱ እስኪፈነዳ ድረስ አንዳች ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ መታወቅ የሚገባቸው ከእርሱ በፊት የሚታዩት የልብ መመረዝ ምልክቶች ናቸው። እነርሱም ከሳምንት በላይ የቈየ ትኩሳት፣ ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በጥፍር ሥር እንደ ስንጥር ያሉ ቀያይ መስመሮች፣ በጣት ጫፍም ላይ ሲነኩት የሚያም ትንሽ እብጠት ናቸው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ትኩሳት ሲቈይ «ወባ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» ይባላል። እንዲያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የልብ በሽታ እንዳለበት በታወቀ ሰው ላይ ትኩሳት ቢቈይ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የልብ መመረዝ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በሽታው ወደ አንጐል ሲደርስ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ ራስ ምታት ይመጣል፤ አንዱ እጅ ወይም አንዱ እግር ይዝላል፤ አፍ ይጣመማል፤ አንደበት ይተሳሰራል፤ ዓይን ይደነግዛል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። እብጠቱ ሲፈነዳ ራስ ምታቱ ድንገተኛና እጅግ ብርቱ ይሆናል፤ ማስመለስና የአንገት መድረቅ ይከተለዋል፤ በሽተኛውም ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ክብሪት ማሽተት፣ ውሃ በግድ ማጠጣት፣ ወይም «ይለቀው ይሆናል» ብሎ ማሳደር ጊዜ ማጥፋት ነው። ወደ ጐኑ አስተኝቶ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ምርመራውና ሕክምናው

ሐኪሙ በመጀመሪያ ልብን ያዳምጣል፤ በአልትራሳውንድም የቫልቮቹን መልክ ያያል። ከዚያም ደም ወስዶ ለተሐዋስያን ምግብ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ያቈየዋል። ተሐዋስያን ካሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበቅላሉ፤ ዐይነታቸውና የሚያጠፋቸውም መድኃኒት ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን በብርቱ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ ሦስትና አራት ቀን የዋጠ እንደ ሆነ ትኩሳቱ ይበርድለታል፤ «ተሻለኝ» ብሎም ይተወዋል። በቫልቩ ላይ በመጋረጃ የተሸሸጉት ባክቴሪያዎች ግን አልጠፉም። ትኩሳቱ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ በደሙ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ተሐዋስያኑ እንዳይበቅሉ ስለሚከለክላቸው የምርመራው ውጤት «ምንም የለም» ሊል ይችላል። እንዲህ እየሆነ በሽታው ስሙ ሳይታወቅ አንጐል ይደርሳል። በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ሌባውን ሳይዝ መብራቱን እንደሚያጠፋ ዘበኛ ነው።

የአንጐልን ደም ሥሮች ለማየት የተቻለው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ዓ.ም. በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወደ ደም ቅዳ አስገብተው ፎቶግራፍ ካነሡ ወዲህ ነው። ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያም በ1971 ዓ.ም. በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የበሽተኛን አንጐል አሳየ። እነዚህ መሣሪያዎች በታላላቅ ሆስፒታሎች እንጂ በየጤና ጣቢያው አይገኙም። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ «ወደ ሆስፒታል ሂዱ» ብሎ የሰጠውን ወረቀት በኪስ ይዞ ወደ ቤት መመለስ በሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቈያል። እብጠቱም በየጊዜው በፎቶግራፍ ይታያል። አንዳንዱ እብጠት በመድኃኒቱ ብቻ ይሟሽሻል፤ ይጠፋምም። የፈነዳ ወይም እያደገ የሄደ ከሆነ ግን የራስ ቅል ተከፍቶ በቀዶ ሕክምና ይታሠራል፤ ወይም ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነሥቶ በደም ሥር ውስጥ በሚሄድ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ከውስጥ ይደፈናል። ከመፈንዳቱ በፊት የታከመና ከፈነዳ በኋላ የታከመ በሽተኛ ተስፋቸው አንድ አይደለም፤ ከፈነዳ በኋላ ከሚደርሱት ብዙዎች ይሞታሉ፤ የተረፉትም እጃቸው ወይም አንደበታቸው ተጐድቶ ሊቀር ይችላል።

ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጠፋም ሕክምናው እስኪፈጸም ድረስ ከሆስፒታል መውጣት አይገባም። እምነትና ሕክምናም የሚጣሉ አይደሉም፤ ጠበል መጠመቅ የሚሻ በሽተኛ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሊጠመቅ ይችላል።

ሕመሙን ለመከላከል ማድረግ የሚገባን

አንደኛ፤ ልጅ በድንገት ጉሮሮውን አሞት ቢያተኵስ፣ ምራቅ መዋጥም ቢያቅተው፣ የአንገቱም እጢ ቢያብጥ፣ ሳልና ንፍጥ ባይኖርበት ይልቁንም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመጣ መከልከል ይቻላል። መድኃኒቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለአሥር ቀን የሚዋጥ ክኒን ነው። ክኒኑ የታዘዘለት ልጅ በሦስተኛው ቀን ደኅና ሆኖ መጫወት ቢጀምርም አሥሩን ቀን ይፈጽም።

ሁለተኛ፤ የጉሮሮ ሕመምን ለማዳን ተብሎ እንጥል ማስቈረጥና የሕፃናትን ድድ ፈልፍሎ ጥርስ ማውጣት ይቅር። ይህ ልማድ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ በሽተኛውን ግን ደም ያሳጣዋል፤ ባልጸዳም ምላጭ አዲስ መመረዝ ያመጣበታል።

ሦስተኛ፤ የልጅ ጉልበት፣ ቍርጭምጭሚት ወይም ክርን እየተፈራረቀ ሲያብጥና ሲያም «እያደገ ስለ ሆነ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ልቡ ይመርመር።

አራተኛ፤ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ አይቋረጥበት። ይህ መርፌ ያለፈውን ጠባሳ አያነሣም፤ አዲስ ጠባሳ እንዳይጨመር ግን ይከለክላል። ለብዙ ዓመታት የሚወሰድ ነው፤ የሚያቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች መርፌው ያስደነግጣል ብለው ይፈሩታል። በመድኃኒቱ ምክንያት የሚመጣ ብርቱ ቍጣ በእውነት አለ፤ ነገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መርፌው በጤና ድርጅት ውስጥ ይወጋ፤ ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቈጥቶት የነበረ ወይም ልቡ በጣም የተጐዳ ሰው አስቀድሞ ለባለሙያው ይንገር።

አምስተኛ፤ ጥርስ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይጽዳ። የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ያለው በዚያ፣ የሌለውም በንጹሕ የወይራ መፋቂያ ድዱን ሳያቈስል ያጽዳ። የተበላ ጥርስ ሳይመግል ይታከም። ለልብ በሽተኛ ጥርስን ማጽዳት ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ልብን መጠበቅ ነው።

ስድስተኛ፤ የልብ በሽታ ያለበት ሰው ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት በሽታውን ለጥርስ ሐኪሙ ይናገር። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው፣ ወይም ከዚህ በፊት ልባቸው ተመርዞ ለዳኑ፣ ከሥራው በፊት መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ጥርስ በየሜዳው ከሚነቅል ሰው ዘንድ ግን ማንም አይሂድ።

ሰባተኛ፤ የልብ በሽተኛ ትኩሳት ከያዘው ደሙ ሳይመረመር በገዛ እጁ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይዋጥ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ትኩሳትና ራስ ምታት አንድ ላይ ቢመጡበት፣ መድኃኒቱን ራሱ አቋርጦም ሆነ ቀጥሎ ቤቱ አይቀመጥ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለመምህራን የምናሳስበው

የሩማቲክ ትኩሳት የሚይዘው የተማሪን ዕድሜ ነው። ስለዚህ ከሐኪም በፊት ሕመሙን ለማየት ዕድል ያለው መምህር ነው።

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ጽሕፈቱ ያማረ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ግን ፊደሉ ይንጋደዳል፤ እርሳሱ ከእጁ ይወድቃል፤ ፊቱ ያለ ምክንያት ይኰማተራል፤ ትከሻው ይሰበቃል፤ ያለ ነገርም ያለቅሳል። መምህሩ «ሰነፍክ፣ ታሾፋለህ» ብሎ ቢቀጣው ልጁ መልስ የለውም፤ እጁ የማይታዘዘው ለምን እንደ ሆነ እርሱም አያውቅምና። ይህ ግን የሩማቲክ ትኩሳት በአንጐል ላይ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ሲሆን፣ ልቡም አብሮ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ቅጣቱን ትቶ ወላጆቹን ቢያስጠራና ወደ ጤና ጣቢያ ቢልከው፣ ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን የልብ ጠባሳ፣ የልብ መመረዝና የአንጐል ደም መፍሰስ በዚያችው ቀን ከሩቅ ተከላከለው ማለት ነው።

እንዲሁም ለመርፌ ቀጠሮው ከትምህርት ቤት የሚቀረውን ልጅ እንደ ጠፋ አድርጎ አለመቍጠር፣ ቀኑንም ጽፎ ይዞ ማስታወስ ይገባል። በክፍል ውስጥ መስኮት መክፈት፣ ልጆች በአንድ ጣሳ እንዳይጠጡ ማድረግ፣ ሲያስሉ አፋቸውን እንዲሸፍኑ ማስተማር፣ በሳምንት አንድ ቀን ጥርስና ድድ ማየት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወጣት እንመለስ። ሐኪም ቢጠየቅ የገደለው የአንጐል ደም መፍሰስ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በአሥር ዓመቱ ጉሮሮው ቢታከምለት፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ጉልበቱ ሲያብጥ ልቡ ቢመረመርለት፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ መርፌው ባይቋረጥበት፣ በሃያ ዓመቱ ጥርሱ ቢታከምለት፣ ትኩሳቱ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ደሙ ቢታይለት፣ ከእነዚህ በሮች አንዱ እንኳ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ሊኖር ይችል ነበር። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እየተባለ የሚነገረው ለዚህ ነው። አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ አንዱ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ቢላችሁ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።